ነጩ ጭስና የተወቀሰው ኤታኖል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው የመኪና ዝግጅታችን አንድ ክስ ይመረምራል። ተከሳሹ ኤታኖል ነው፤ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው፣ ቤንዚን ላይ የሚደባለቀው አልኮል። ክሱም «መኪናዬን ነጭ ጭስ ያስተፋው እሱ ነው» የሚል ነው።

ክሱ የሚሰማው በተለይ የቤት መኪናቸውን ከአዲስ አበባ ነድተው ወደ ጅቡቲ ከወረዱ ሰዎች ነው። ማርሚታው ነጭ ሲተፋ ያያሉ፤ «አገር ቤት የቀዳሁት ቤንዚን አልኮል አለበት፤ አልኮል ደግሞ ውሃ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ ታንኩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ ነው ብዙ ሞተር የሚያስወርደው።

እኔ ብይኑን አስቀድሜ ልናገር። በጅቡቲ ከተማ ሙቀት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አልጠፋ ያለ ነጭ ጭስ ካያችሁ፣ ኤታኖሉን ለጊዜው ተዉትና ራዲያተሩን ተመልከቱ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ። ኤታኖሉ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበትም አጋጣሚ አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

መጀመሪያ ይህ አልኮል ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ቤንዚን በብዛት እዚሁ ዶራሌ፣ ከሆራይዘን ዴፖ በቦቴ ተቀድቶ ሽቅብ ይወጣል። ኤታኖሉ የሚጠብቀው ደጋ ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሱሉልታ ባለው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ ለአዲስ አበባ ማደያዎች መከፋፈል ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። አልኮሉ የፊንጫ፣ በኋላም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ምርት ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲያመርቱ ድብልቁ ይኖር ነበር፣ ምርቱ ሲጎድል ይቆም ነበር፤ እንዲህ ሲቋረጥና ሲቀጥል ኖሯል። ጅቡቲ የሸንኮራ እርሻ የላትም፣ ስኳር ፋብሪካም የላትም። እናም የሱሉልታው ድብልቅ እዚህ ከተማ ከታየ፣ በሰው መኪና ታንክ ውስጥ ተቀምጦ የመጣ ነው።

(አጭር ድምፅ፦ ሞተር ሲነሳ)

አሁን ወደ ጭሱ። ማንኛውም ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይወልዳል። ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ሲያልቅ በማርሚታው የወጣው ውሃ ቢጠራቀም አንድ ሊትር ያህል ይሞላል። በነዳጁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ውሃ ነው። አንድ ሊትር ኤታኖልም ያንኑ ያህል ውሃ ነው የሚሰጠው። ግን ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ ያንኑ መንገድ ለመሄድ አብዝቶ ማቃጠል የግድ ነው፤ ለቃጠሎ የሚፈልገው አየርም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ኤታኖል ከሚያቃጥል ሞተር የሚወጣው ጋዝ 18 በመቶ ገደማ የውሃ ተን ይይዛል፤ የቤንዚኑ 13 በመቶ ግድም ነው።

እንግዲህ «ኤታኖል ነጭ ተን ያበዛል» የሚለው ክስ ጨርሶ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ግን ያ 18 በመቶ የንጹሕ ኤታኖል ቁጥር ነው። ቤንዚኑ ላይ 10 በመቶ ብቻ ሲደባለቅ የተኑ መጠን በአንድ ነጥብ እንኳ አይጨምርም። ይህን በዓይኑ አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ብራዚልን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የአልኮል ነዳጅ መርሐ ግብሯን ጀመረች፣ በ1979 በኤታኖል ብቻ የሚሄደው ፊያት 147 ለገበያ ወጣ። እዚያ ማደያ የሚሸጠው ኤታኖል ከመቶው አምስት ያህሉ ራሱ ውሃ ነው። መኪኖቹ ግን ሳኦ ፓውሎን በነጭ ደመና ሸፍነው አይሄዱም።

የውሃ ተን ራሱ አይታይም። የሚታየው ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ሲመለስ ነው። ከቤንዚን ሞተር የወጣ ጋዝ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጠብታ መሆን ይጀምራል፤ ከንጹሕ ኤታኖል የወጣው 58 ዲግሪ ላይ። ከዚያ በኋላ ዓይናችን ነጭ ማየት አለማየቱን የሚወስነው ውጪው አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር ጠብታውን ያቆየዋል፤ ትኩስ አየር ወዲያው መልሶ ያተነዋል።

ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታ ወይም ከእንጦጦ ሥር ማለዳ 12 ሰዓት መኪና ብታስነሡ፣ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ ማርሚታው ረጅም ነጭ ጭራ ይጎትታል። ኤታኖል ይኑር አይኑር፣ ጤነኛ መኪና ነው። ጅቡቲ ግን በጥር ሌሊት እንኳ ከ20 ዲግሪ ብዙም አትወርድም፤ በሰኔና በሐምሌ ካምሲን ሲነፍስ ቀኑ ከ40 ያልፋል። እዚህ ያ ጭራ የሚቆይበት ቦታ የለውም። በጥር ማለዳ የባሕሩ እርጥበት ሲከብድ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ለአጭር ጊዜ ስስ ተን ብታዩ አትደንግጡ፤ ከማርሚታው አንድ እርምጃ ሳይርቅ ይጠፋል። በቀትር፣ ከሩት ደ ቬኒስ ወደ ከተማ ስትገቡ፣ ከኋላችሁ ያለውን መኪና የሚጋርድ ነጭ ጭስ ከታየ ግን ያ የነዳጅ ውሃ አይደለም። እንዲህ ባለው ነገር አዲስ አበባ ያለ መካኒክ ሊጠራጠር ይችላል፤ የጅቡቲ መካኒክ ግን በአየሩ ሙቀት ብቻ ግማሹን ምርመራ ጨርሶ ነው የሚጀምረው። ሙቀቱ የሚረዳን ነገር ቢኖር ይሄ ነው!

ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከራዲያተሩ። በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሲበላ፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ሲሰነጠቅ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሲሊንደር ሾልኮ ይገባል። እዚያ ተንኖ በብዛት በማርሚታው ይወጣል። ኩላንት ያለበት ከሆነ ጭሱ ወፍራም ነው፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ወደ ጣፋጭ ያደላል። አፍንጫችሁን ማርሚታው ላይ ደቅናችሁ አታሽቱ፤ በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ትንሽ አራግቡት፣ ይበቃል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ሽታ የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አይሸትም፣ ስለዚህ ኩላንት አይደለም» ብሎ ነገሩን ይተወዋል።

እዚህ ከተማ ጋራዥ ውስጥ የሚደረገው ንግግር ሁልጊዜ ይመሳሰላል። መካኒኩ «ወንድሜ፣ በስንት ቀን ነው ውሃ የምትጨምረው?» ይላል። ባለመኪናው «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ጅቡቲ ነው፤ ማን ሳይጨምር ይነዳል?» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ውስጥ በሽታው አለ። የማቀዝቀዣው ዑደት የተዘጋ ነው፤ አየሩ 45 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ውሃ አይጠጣም። ውሃ ከጎደለ ወይ ወደ ውጪ ይፈሳል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውጪ የሚፈሰውን መሬቱ ላይ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ከተሳፋሪው እግር አካባቢ ሥር የሚንጠባጠበውን የኤሲ ውሃ ከራዲያተር ውሃ ጋር እንዳታምታቱ፤ የኤሲው ጥርት ያለ ነው፣ ጣት ላይም አያሙለጨልጭም።

ምርመራው ጠዋት ይሁን፤ መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትና እጅን ማቃጠል ነው፤ ግፊት ያለበት ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቆይና ክዳኑ ሲላላ በአንዴ ይገነፍላል። ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊት የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጃችሁ ጨምቁት። ሌሊቱን ያደረ ቱቦ ልስልስ ማለት አለበት። እንደ ሞቀ ሞተር ቱቦ ተነፍቶ ከጠበቃችሁ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው ገብቶ እዚያው አድሯል ማለት ነው። እንዲህ ካለ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ግፊቱን አስተንፍሱት። ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቱ፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙሉት፣ አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሣ። ውሃው መጀመሪያ ላይ ትንሽ አየር ቢያወጣ ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ ፊኛ ፊኛ እያለ ከተንተከተከ፣ ጋዝ ሲሰጥ ደግሞ ከባሰበት፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ካንዴላዎቹን ማስወለቅ ደግሞ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይናገራል። ሦስቱ ቡናማ ወይም ግራጫ ጥላት ይዘው አንዱ ብቻ ታጥቦ የጠራ ከሆነ፣ ውሃ የሚገባው እዚያ ነው፤ እንፋሎቱ ጥላቱን አጥቦታል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽናቸው እኩል ወርዶ ከተገኘ፣ ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ መካከል ተበልቷል። ጋራዡ ካለው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲደርሰው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ቴስታታ በግምት ከማስወረድ በጣም ይሻላል። የዘይቱን ክዳንም እዩት፤ ነጣ ያለ አረፋ ከለበሰ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና በብርድ ምክንያት ክዳኗ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ በክዳኑ ብቻ አትፍረዱ፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግም ሳቡ።

ጓርኒሲዮን ዝም ብሎ አይበላም። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ሞተሩ ግሎ ነበር። ከሚሌ እስከ ገላፊ ያለውን ሜዳ በቀትር ኤሲ ከፍቶ ሲነዳ፣ ከዚያም ከዲኪል ወዲህ ከጭነት መኪና ኋላ ሲጎተት፣ የመለኪያው ቀስት ቀይ ነካ አድርጎ ተመልሷል፤ ባለቤቱ ውሃ ጨምሮ ቀጠለ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ያን ጊዜ ነው የሚጣመመው። ጭሱ ከርሞ ይመጣል፤ በዚህም ምክንያት ወቀሳው የመጨረሻውን ቤንዚን ያገኘዋል። የውሃው ዓይነትም አለበት። የዚህ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ጨው ያለበት ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ሲደጋገም ደለል ይሠራል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ተደባልቆ ጤነኛ ክዳን ሲኖረው ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ደካማ ክዳን ያለው ራዲያተር ሽቅብ በተመለሰ ቁጥር ለዚህ ቁጥር ይጠጋል። ኩላንቱን ስታፈሱ ታዲያ ደጅ ላይ አትድፉት። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ስለሆነ የሰፈሩ ፍየሎች ይልሱታል፤ ልጆችም ሊነኩት ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳልነቅፍ አላልፍም፤ ቴርሞስታትን አውልቆ መጣል። «ሞቃት አገር ነው፣ ምን ያደርጋል» ይባላል። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የማቋረጫውን መንገድም የሚዘጋ ስለሆነ፣ ሲወልቅ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፤ እንዲቀዘቅዝ የታሰበው ሞተር ጭራሽ ይግላል። ያቺው መኪና ደጋ ስትወጣ ደግሞ ሞተሯ ሳይሞቅ ይውላል። ኤታኖል ለመትነን ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ብርድ ያለበት ሞተር ውስጥ በደንብ አይቃጠልም፣ ማርሚታውም ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጩ ጭራ ከተለመደው በላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ «ይሄ አልኮል» ይባላል። ጥፋተኛው ግን ቴርሞስታቱን ያወለቀው ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ኤታኖሉ የሚጠየቅበትን ልንገራችሁ። ኤታኖል ውሃ ይወዳል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ከመቶው ግማሽ ያህል ውሃ በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል፤ 40 ሊትር ታንክ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉና ውሃው ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉ፣ እንደ አተላም ታች ይዘቅጣሉ። የነዳጅ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። አሁን ልብ በሉ፦ ውሃ ያዘለ ድብልቅ ይዛችሁ ወርዳችሁ፣ እዚህ ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ከላይ ብትሞሉበት፣ የኤታኖሉ ድርሻ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ትናንት ደህና የነበረው ታንክ ከማደያው ስትወጡ ይለያያል። ያን ያህል ውሃ ከእርጥብ አየር ብቻ ለመግባት ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ዋናው በር ጀሪካንና በደንብ የማይገጥም የታንክ ክዳን ነው።

ይህ ሲሆን ግን መኪናው የሚያሳየው ጠባይ ሌላ ነው። ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል፣ መብራት ላይ ቆሞ ይጠፋል። ሳይቃጠል ያለፈው ነዳጅ ነጣ ያለ ጭስ ሊያሳይ ይችላል፤ ሽታው ግን የቤንዚንና የአልኮል ነው፣ የራዲያተሩም ውሃ አይጎድልም። የጓርኒሲዮኑ መኪና ብዙ ጊዜ ጠዋት ሲነሣ ጥቂት ተንገዳግዶ ይስተካከላል፣ የነዳጁ ግን ቀኑን ሙሉ ያስቸግራል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ ወደ ጥርት ያለ የመስታወት ጠርሙስ ይቅዳ። ውጪ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሲጋራ ከማያጨስ ሰው ጋር ይሁን። ረጋ ሲል ከታች መስመር ከተለየ ነዳጁ ተለያይቷል። ካልተለየና ኤታኖል ይኑር አይኑር ማወቅ ከፈለጋችሁ ቁጥር ባለው ብልቃጥ 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ ነቅንቁት። ኤታኖሉ ወደ ውሃው ይሄዳል። ታች ያለው 10 ሚሊ ሊትር እንደነበረ ከቆየ ኤታኖል የለም፤ ወደ 20 ከተጠጋ 10 በመቶ ገደማ አለ።

ሌሎች ነጭ ጭስ የሚያወጡ ነገሮችም አሉ። የፍሬን ዘይት እየጎደለ የትም ሲፈስ ካልታየ፣ በፍሬን ማገዣው በኩል ወደ ሞተሩ እየተሳበ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከጭሱ በላይ ያስፈራል፣ ፍሬኑ ሊከዳ ነውና። በአሮጌ አውቶማቲክ መኪናም የካምቢዮ ዘይት በቫክዩም ቱቦ ሊገባ ይችላል። የናፍጣ ጭነት መኪናዎች በማለዳ ተራ የሚጠብቁበትን ፒኬ 12ን የሚያነጡት ጭስ ሌላ ታሪክ ነው፤ ኢንጀክተርና ኮምፕሬሽን የሚመለከት ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንመጣበታለን።

ጓርኒሲዮን መበላቱ ከተረጋገጠ መንዳት ይቁም። ሲሊንደር ውስጥ ያደረ ውሃ አይታመቅም፤ ጠዋት ቁልፍ ስትጠመዝዙ የፒስቶኑን ክንድ ሊያጥፈው ይችላል። ቴስታታው ሲወርድ ጠፍጣፋነቱን ሳያስለኩ አዲስ ጓርኒሲዮን ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ያላችሁን ሞተር የምትተኩበት ዕድል ጠቧል፤ በደንብ ያሠራ ይጠቀማል።

ጥፋተኛው ነዳጁ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ታንኩ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ ፊልተሩ ይቀየር። የፈሰሰውን ምን እናድርገው ለምትሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጅጅጋ አካባቢ፣ በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ፣ የፊንጫ ኤታኖል በምድጃ ለማብሰያ ሲያገለግል ያያችሁ ትኖራላችሁ። ያ ምድጃ የተሠራው ለኤታኖል ብቻ ነው። ከመኪና ታንክ የወጣው ቤንዚን ያለበት ነው፤ ምድጃ ውስጥ ከገባ ቤት ያቃጥላል። ክዳኑ በሚገጥም የብረት ዕቃ አድርጋችሁ፣ ከኩሽናም ከፀሐይም አርቃችሁ፣ ያገለገለ ዘይት ለሚረከብ ጋራዥ «ቤንዚንና ውሃ አለበት» ብላችሁ ነግራችሁ አስረክቡት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)